ዊንዶውሱ ተነሳ፣ ሂሳቡ መስከረም ላይ ቀረ

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ እንደምን አለህ? ኮምቦልቻ የሕንፃ ዕቃ መሸጫ አለን። የሂሳብ ፕሮግራማችን ፒችትሪ አዲሱ ዊንዶውስ ላይ አልሠራ ስላለ፣ ቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም «ማሽን»፣ የሚያስነሳ ፕሮግራም) ውስጥ ዊንዶውስ 7 ጭነን ነበር የምንጠቀምበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ። ደግነቱ ማሽኑን እያጠፋሁ ሙሉ ፎልደሩን ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጥ ነበር። ትልቁን ቪዲአይ ፋይል (የማሽኑን ዲስክ የያዘውን) ወደ አዲስ ላፕቶፕ ገልብጬ ስከፍተው ዊንዶውሱ ተነሳ። ሂሳቡ ግን መስከረም ላይ ቆሟል። የቀረው ሽያጭ የት ገባ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሽያጩ አለ። መስከረም ላይ አንድ ሰው ስናፕሾት (ማሽኑ በዚያ ሰዓት ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ መያዣ) ወስዷል ማለት ነው። ስናፕሾት ሲወሰድ ትልቁ ቪዲአይ ባለበት ይቆማል። ከዚያ ወዲህ የሚጻፈው ሁሉ «ስናፕሾትስ» የሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ስሙ ዝብርቅርቅ ያለ ሌላ ቪዲአይ ላይ ይቀመጣል። አንቺ የከፈትሽው የቆመውን ብቻ ነው። ደሴ ሱቄ የሚመጣው ሰው ግማሹ ስናፕሾትን ባክአፕ ነው ይለኛል። አይደለም፤ ትልቁ ፋይል ከሌለ ብቻውን ምንም አይሠራም።

ላፕቶፑ ላይ የከፈትሽውን ቅጂ ተዪው። ዊንዶውሱ ሲነሳ ጽፎበታል፣ ከተከታዩ ፋይል ጋር ከእንግዲህ አይገጥምም። ማሽኑንም ዲስኩንም ከቨርቹዋልቦክስ አስወጪና ሙሉ ፎልደሩን እንደ አዲስ ገልብጪ። ኤክስተርናሉ ላይ እንዳለ ግን በፍጹም እንዳትከፍቺው። በፍላሽ አመላልሳለሁ ካልሽም፣ በፋት32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

አሁን ፎልደሩ ውስጥ መጨረሻው «ቪቦክስ» የሚል ትንሽ ፋይል ፈልጊ። የትኛው ዲስክ በየትኛው ላይ እንደሚቀጥል የተጻፈው እዚያ ነው። ካገኘሽው «ማሽን» ውስጥ ገብተሽ «አድ» በይና ምረጪው፣ በቃ። ከተበላሸ አጠገቡ «ቪቦክስ-ፕሬቭ» የሚል የቀድሞ ቅጂ አይጠፋም፤ መጨረሻውን ወደ ቪቦክስ ቀይረሽ ሞክሪ።

ሁለቱም ከሌሉ ሥራው ይረዝማል። በቨርቹዋልቦክሱ የዲስክ ማስተዳደሪያ መጀመሪያ ትልቁን፣ ቀጥሎ የስናፕሾቱን ፋይል አስገቢ። ከዚያ የመጨረሻውን ኮፒ አድርጊው፤ የሚወጣው አንድ ሙሉ ዲስክ ነው። አዲስ ማሽን ስትፈጥሪ ይህንኑ ዲስክ ስጪው። ሰማያዊ ስክሪን ካመጣ በማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ የዲስኩን ኮንትሮለር (ዲስኩ ከማሽኑ ጋር የሚገናኝበትን መንገድ) ከሳታ ወደ አይዲኢ ቀይሪ፤ አሮጌው ማሽን በእሱ ተጭኖ ሊሆን ይችላል።

ፒችትሪው እንደተከፈተ በራሱ በፒችትሪ ባክአፕ ውሰጂና ኤክስተርናሉ ላይ አስቀምጪ። ማሽኑን በቪቦክስ ፋይሉ ካስነሳሽው ስናፕሾቱን ከዚያ በኋላ አጥፊው። የምታጠፊው ግን ከቨርቹዋልቦክሱ ውስጥ ነው፣ ፎልደሩን ከፍተሽ ፋይሉን እንዳትነኪ። ሲጠፋ ከትልቁ ጋር ይዋሃዳል። ሰፊ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፣ ጊዜም ይወስዳል፤ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተሽ ጀምሪው።