ቅጠል በሽንኩርት ከረጢት

ልጆች፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ማታ ማታ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ ዳር መቀመጥ ልማዴ ሆኗል። ከእናንተ አንዳንዱ እዚያ ያገኘኝና "ጋሼ፣ የመመረቂያ ጥናቴን በምን ላይ ልሥራ?" ይለኛል። የወንዝ ፈንገስ እለዋለሁ። ይስቃል። ፈንገስ ሲባል ትዝ የሚለው የእግር ጣት መሃል የሚያሳክከው ነው፣ ወይም ከርሞ ያገኘው እንጀራ ላይ የወጣው ሻጋታ። አልፈርድበትም። እኔም ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ዓመት ሻጋታን የማውቀው ሥራ እንደሚያበላሽብኝ ጠላት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋንዛ ወይ ብሳና ወንዝ ላይ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ ያ ቅጠል እንደወደቀ ለውሃ ነፍሳት እምብዛም አይጥማቸውም። መጀመሪያ ፈንገሱ ይገባበታል፣ ያለሰልሰዋል፣ የራሱንም አካል ጨምሮ ያዳብረዋል። ሊጥ ሳይቦካ ምጣድ ላይ እንደማይወጣው መሆኑ ነው። ከዚያ እጮቹ ይበሉታል፣ እጮቹን ደግሞ ዓሣው። በብዙ ሞቃት አገር ወንዞች ደግሞ ቅጠል የሚቆረጥሙ ነፍሳት ጥቂት ስለሆኑ ሸክሙ ይበልጥ የሚያርፈው ፈንገሱ ላይ ነው።

እነዚህን ፈንገሶች ለዓለም ያሳወቀው ኢንጎልድ የሚባል ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1942 እንግሊዝ አገር፣ ከአንዲት ትንሽ ጅረት። ስፖራቸው፣ ማለትም የሚራቡበት ዘር፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ክንድ አለው። ወራጅ ውሃ ሲወስደው በክንዱ ቅጠል ላይ ይንጠለጠላል። አረፋም ይይዘዋል። ወንዶ ገነት ወጥታችሁ ድንጋይ ሥር የተጠራቀመውን አረፋ በማንኪያ ቅዱና ማይክሮስኮፕ ሥር አድርጉት፣ የማታውቁት አገር ታያላችሁ። ብቻ አታሳድሩት፤ ስፖሩ በሰዓታት ውስጥ ስለሚበቅል ወይ ቶሎ እዩት ወይ እንዳለ እንዲቆይ ፎርማሊን ጠብ አድርጉበት። የሳሙና አረፋ ሌላ ነው፣ እሱን ቀድታችሁ እንዳትለፉ።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

አንድ ጊዜ የዋንዛ ቅጠል አድርቄ፣ መዝኜ፣ ቀይ ሽንኩርት በሚመጣበት መረብ ከረጢት ከትቼ ሁለት ቦታ አሰርኩ። አንዱ ላይ፣ ተራራው ሥር። ሌላው ፍሳሽ የሚቀላቀልበት ታች ነው፣ የየትኛው ወንዝ እንደሆነ ይቅር። አንድ ባለባጃጅ ቆሞ ሲያየኝ ቆየና "አባባ፣ ጎመን ሊያጥቡ ነው እንዴ?" አለኝ። ከሳምንታት በኋላ አውጥቼ ስመዝን የታችኛው ቅጠል ከላይኛው ባልተናነሰ፣ እንዲያውም ፈጥኖ በስብሷል። ደስ አለኝና "ወንዙ ሥራውን እየሠራ ነው" ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ሪፖርቱ ከእጄ ከወጣ በኋላ ነው በዕድሜ ልጄ የምትሆን ባልደረባዬ ከሁለቱም ቅጠል የወጣውን ስፖር ቀለም ነክራ ያየችው። "ጋሼ፣ ይምጡ እስቲ" አለችኝ። የላይኛው ላይ ዓይነቱ ብዙ፣ ቅርጹ ብዙ። የታችኛው ላይ ያው ሁለት ዓይነት ብቻ እየተደጋገመ። አንገቴን ደፋሁ።

ምክንያቱ ቀላል ነው፣ ሳውቀው ግን ዘገየሁ። ከሽንት ቤትና ከማዳበሪያ የሚመጣ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ መጠነኛ ሲሆን ቻይ የሆኑትን ፈንገሶች ያወፍራል፤ እነሱ የጠፉትን ተክተው ቅጠሉን ስለሚያበሰብሱት ሚዛን ላይ ምንም ነገር የጎደለ አይመስልም። ፍሳሹ ሲበዛ ግን ኦክስጅን ያልቅና እነሱም ይደክማሉ፣ ቅጠሉ ጠቁሮ ጭቃ ውስጥ ይቀበራል። የእኛ ዓይነት ሞቃት ውሃ ደግሞ ከመነሻውም ኦክስጅን አይበዛለትም። በባህር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11 ሚሊግራም ያህል ሲይዝ 25 ዲግሪው 8 ያህል ነው የሚይዘው፤ ሐዋሳ ደግሞ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከዚያም ይቀንሳል። ዚንክ፣ መዳብና ካድሚየም ሲመጡ ደግሞ ፈንገሱ ገና ቅጠሉ ላይ እያለ ስፖር መሥራቱ አስቀድሞ ይወድቃል። ሚዛን ብቻ የያዘ ሰው ይህን የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው።

ስለዚህ መዝኑም፣ ቁጠሩም። አንዱን ቅጠል በሽንኩርት ከረጢት፣ ሌላውን በሴቶች ስቶኪንግ አድርጉት፤ ስቶኪንጉ ነፍሳት ስለማያስገባ በውስጡ ያለው በአብዛኛው የፈንገስና የባክቴሪያ ሥራ ነው። ባህር ዛፍ ቅርብ ስለሆነ ብቻ እሱን አትውሰዱ፣ አገር በቀሉንም ጨምሩ። ውሃ ለመቅዳት ከሄዳችሁ ከቀትር ውጭም ሂዱ፣ ፍሳሽ የቢሮ ሰዓት አያከብርም። አሞራ ገደል ያሉትን ዓሣ አጥማጆች ጠይቁ፣ ውሃው መቼ እንደሚሸት ከእኛ መሣሪያ ቀድመው ያውቃሉ። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፣ ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ያመጣለትን ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስልካችሁን ደግሞ ደረት ኪስ አድርጋችሁ ወንዝ ላይ አትጎንበሱ፣ እኔን ሁለት ስልክ አስከፍሎኛል።

እቤቴ ሃያ የሚሆን የታጠበ የሽንኩርት ከረጢት አለ። የሚሠራበት መጥቶ ይውሰድ። ገመዱን ግን ራሳችሁ ግዙ፣ የኔን ጎርፍ ወስዶታል።