የላይት ጠበቃ ሆኜ ነበር

ልጆች፣ ሃያ ስምንት ዓመት በጥብቅና ስሠራ ስንቱን ተከራክሬያለሁ፣ አኒሜ በሚባለው የጃፓን ካርቱን ላይ ግን በገዛ ልጄ ተረታሁ። "በዚህ ዕድሜሽ ካርቱን?" ስላት "አባዬ፣ መጀመሪያ እይና ከዚያ ተናገር" ብላ ዴዝ ኖትን ከፈተችልኝ። በፈረንጆቹ ከ2006 እስከ 2007 ጃፓን ውስጥ የታየ፣ 37 ክፍል ያለው ነው። እሷ ፈተና ስላለባት ገብታ ትተኛለች፣ እኔ ሳሎን ድምፁን ቀንሼ እስከ እኩለ ሌሊት።

ላላያችሁት፦ ላይት ያጋሚ የሚባል ጎበዝ ተማሪ አንድ ደብተር ያገኛል። መልኩን የሚያውቀውን ሰው ስም ከጻፈበት ሰውየው ይሞታል። አሟሟቱን ካልጻፈ በ40 ሴኮንድ ልቡ ቀጥ ይላል። ላይት ከዜና ላይ ወንጀለኞችን እየለቀመ መጻፍ ይጀምራል። አባቱ ደግሞ ፖሊስ ነው፣ ያውም አለቃ።

ማየት የጀመርኩ ቀን አንድ መዝገብ ምስክር አልቀረበም ተብሎ ለአራተኛ ጊዜ ተቀጥሮብኝ ተበሳጭቼ ነው የገባሁት። እና ይሄ ልጅ እስክሪብቶ አንስቶ ይጨርሰዋል። ቀጠሮ የለ፣ ምስክር የለ፣ ይግባኝ የለ። "ይበለው!" አልኩ። ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ አለኝ።

እየቆየ ናኦሚ ሚሶራ የምትባል ሴት መጣች። እጮኛዋን የገደለው ላይት ነው፣ እሷ ግን አታውቅም። የደረሰችበትን ለመርማሪዎቹ ልትናገር ትንሽ ሲቀራት ላይት መንገድ ላይ ያገኛትና ስሟን ይጠይቃታል። የሰጠችው የውሸት ስለነበር ደብተሩ አልሠራም፣ ስለዚህ እውነተኛውን ለማውጣት ያባብላታል። ምንም ያላጠፋች ሴት ናት። እኔ ትራስ ጨምቄ "ቶሎ በል እንጂ፣ ልታመልጥህ ነው!" እላለሁ። ለገዳዩ!

እንዴት እዚህ ደረስኩ? የላይትን ሐሳብ በራሱ ድምፅ እንሰማለን፣ የሚሞቱት ግን አብዛኞቹ ስም ብቻ ናቸው። አሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጣችሁ ስታስቡ የእሱ ሐሳብ የራሳችሁ መምሰል ይጀምራል። ናሩቶ የሚባለውን አኒሜ ከተከታዩ ከሺፑደን ጋር የጨረሳችሁ እኮ 720 ክፍል ከአንድ ልጅ ጋር ኖራችኋል። እሱስ ደግ ልጅ ነው፣ ብዙ አልሰጋም።

ከሳምንታት በኋላ አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ፣ ልጃቸው ሞባይል ሰርቀሃል ተብሎ። ገና ሳይቀመጡ በልቤ ፈርጄበታለሁ። ተከሳሽ ጥፋተኛ እስኪባል ድረስ ንጹሕ ነው የሚለውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 በቃሌ የምወጣ ሰው! መዝገቡን ሳየው የተያዘው ሌባው ከለበሰው ጃኬት ጋር የሚመሳሰል ስለለበሰ ብቻ ነበር።

አኒሜ ተዉ አልላችሁም፣ እኔም ሌላ ጀምሬያለሁ። ግን "ይበለው" ስትሉ አንድ ጊዜ አቁሙትና ያ የሞተው ሰው ምን እንዳደረገ ጠይቁ። ቲክቶክ ላይ የሚደበደብ ሌባ አይታችሁ ኮሜንት ከመጻፋችሁ በፊትም እንደዚሁ። ደግሞ ብቻችሁን አትዩ፣ ከሚከራከራችሁ ሰው ጋር እዩ።

ስጨርስ ልጄ "ላይትን እስከ ስንተኛው ክፍል ደገፍከው?" አለችኝ። አፍሬ "እስከ ሃያዎቹ" አልኩ።

"እኔ ሁለተኛው ላይ ተውኩት" አለች። "ቲቪ ላይ ወጥቶ ክፉ ነህ ያለውን ሰውዬ የገደለው ጊዜ። ማን እንደሆነ እንኳ አያውቅም ነበር እኮ።"

እኔ ያንን ቦታ ቡና እየቀዳሁ ነው ያለፍኩት።