ለአንድ ግስ ሁለት ሁለት ለምትሸመድደው ልጅ

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት ወንድሜ። ሩሲያ አገር ፖድፋክ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲ በፊት ቋንቋ የሚያስተምሩበት መሰናዶ ክፍል፣ ከገባህ ሁለት ወርህ ነው። ለአንድ «ከፈተ» ሁለት ግስ፣ ለአንድ «አነበበ» ሁለት ግስ ይሰጡሃል፤ ሁለቱም ያለፈ ጊዜ ነው ይሉሃል። አንተም የሩሲያኛውን ሰንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ «ሸምድጄ ልጨርሰው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?» ብለሃል። በመለጠፍ እኔን የሚያህል የለም። በ1977 ዓ.ም. እኔም እዚያ ስማር ከአልጋዬ በላይ ያለው ግድግዳ በወረቀት ብዛት ቀለሙ አይታይም ነበር፤ አብሮኝ የሚኖረው የቬትናም ልጅ ማታ ማታ እየጮኸ ያነብልኝና ይስቅ ነበር። ሌሎቹ ፊልም እይ፣ ዘፈን ስማ ብለውሃል። ይሁን። እኔ ግን 90 ሩብል ከፍዬ የተማርኩትን ልንገርህ።

1. ሰንጠረዡን ንቀለው። ሶቬርሼኒ (የተፈጸመ)፣ ኔሶቬርሼኒ (ያልተፈጸመ) የሚሉህ የግስ ዓይነት መቼ ሆነ ለሚለው መልስ አይደለም። ነገሩ ከዳር ደርሷል ወይ? ውጤቱስ አሁን አለ ወይ? የሚሉትን ነው የሚመልሰው። ይሄን ማንም መምህር ይነግርሃል። የማይነግርህ ነገር ቢኖር የአንተ ጆሮ ቀድሞ እንደሚያውቀው ነው።

ወደ ማደሪያህ ስትገባ በር ላይ የምትቀመጠዋ ዴዡርናያ «ጓደኛህ ፕሪኻዲል» ካለችህ ደረጃውን አትሩጥ። መጥቶ ነበር፤ ሄዷል። «ፕሪሾል» ካለችህ ግን መጥቷል፤ አልጋህ ላይ ቁጭ ብሎ ሻይህን እየጠጣ ነው። ሁለቱም በሰንጠረዡ ላይ «መጣ» ተብለው ነው የተጻፉት! እኛ እኮ በዚህ ተሳስተን አናውቅም። እናትህ «ውሃ መጥቶ ነበር» ስትልህ ባልዲ ይዘህ አትወጣም፤ «ውሃ መጥቷል» ካለችህ ግን በባዶ እግርህም ትሮጣለህ። መስኮቱም እንደዚያው ነው። ክፍሉ ቀዝቅዞ፣ መስኮቱ ግን ተዘግቶ ስታገኘው የምትጠይቀው ማን «ኣትክሪቫል» ብለህ ነው፤ ከፍቶ የነበረው ማን ነው እንደማለት። «ኣትክሪል» ካልክ መስኮቱ አሁንም ክፍት ነው ማለት ነው።

አንድ ልጨምርልህ፣ ይቺን በጣም እወዳታለሁ። ጓደኛህ ካፖርቱን እየለበሰ «ኑ፣ ያ ፓሾል» ይልሃል። ቃል በቃል «ሄድኩ» ነው ያለህ፣ ገና ፊትህ ቆሞ። ከእንግሊዝ አገር የመጣው የክፍላችን ልጅ ይህ ግራ አጋብቶት እጁን አውጥቶ መምህሯን ሲጠይቅ እኔና አንድ የጎንደር ልጅ ተያይተን ሳቅን። «በቃ ሄድኩ» ብለን በር ላይ ግማሽ ሰዓት የምናወራ ሰዎች ነን እኮ።

2. አማርኛህ ጉድ የሚሠራህን ቦታ ደግሞ ለይተህ እወቅ። እኛ ለሙከራው አንድ ቃል፣ ለውጤቱ ሌላ ቃል ባለን ቦታ እነሱ በአንዱ ግስ ጥንድ ይጨርሱታል። እኛ ፈተና «ተፈተንኩ» እንላለን፣ ከዚያ «አለፍኩ» ወይም «ወደቅኩ» እንላለን። እነሱ ግን «ዝዳቫል» እና «ዝዳል» አላቸው። ልዩነቱ አንዲት «ቫ» ናት።

አንደኛ ዓመት ነኝ፣ የጥር ሴሲያ፣ የፈተና ወቅት። የመጨረሻው ፈተና ሂሳብ ነበር፣ አምስት አገኘሁ፤ ከአምስት በላይ ውጤት የለም። በማግስቱ ደስ እያለኝ ዴካናት፣ የዲኑ ቢሮ፣ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የስቲፔንድ፣ የተማሪ የወር አበል፣ ዝርዝር እየሠራች ነው፤ የሂሳብ መምህራችን ደግሞ የውጤት ቅጹን ገና አላመጣም። ዛቾትካዬን፣ ውጤት የሚጻፍበትን ደብተሬን፣ በሌላው ካፖርቴ ኪስ ረስቼዋለሁ። በብረት መያዣ ያለ የሻይ ብርጭቆዋን ገፋ አድርጋ፣ ቀና ሳትል «ማቴማቲካ?» አለችኝ።

«ዝዳቫል!» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። ረዘም ያለው ቃል የተማረ ሰው ቃል መስሎኝ ነበር።

«ኢ?» አለች።

ይህችን «ኢ?» እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳትም። «እና?» ማለቷ ነበር። እኔ ያልሰማችኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዝዳቫል! ዝዳቫል!» አልኩ። ስሜ ላይ መስመር አሰመረችና «ቀጣይ!» ብላ ከኋላዬ ያለውን ጠራች።

«ዝዳቫል» ፈተናው ላይ ተቀመጥኩ ማለት ነው። ስለማለፍ ምንም አይልም። እንዲያውም ያለፈ ሰው «ዝዳል» ስለሚል፣ ለሚሰማህ ሩሲያዊ ወድቄያለሁ ብለህ እያመንክ ነው። የወሩ ስቲፔንድ ሲከፈል ስሜ የለም። ዛቾትካዬን ይዤ ብሄድ «አንተው ነህ የነገርከኝ፣ ዝርዝሩ አልፏል» ብላ የመስተዋቱን መስኮት ዘጋችብኝ። የአንድ ወር 90 ሩብል ቀረ። ያን ወር ያሳለፍኩት በቬትናሙ ልጅ ሩዝ ነው፣ እግዚአብሔር ይስጠው። ሴትዮዋ «አለፍክ?» ብላ አንድ ጥያቄ ብትጨምር ምን ነበረበት? «ኢ?» ጥያቄ ነው እንዴ?

እንደዚህ ያሉትን ጥንዶች ለብቻ ጻፋቸው። «ሬሻል» ያለህ ልጅ ሂሳቡ ላይ ሲታገል ያመሸ ነው፤ «ሬሺል» ያለህ ግን ከደብተሩ መልሱን ልትገለብጥ ትችላለህ። «ኡጎቫሪቫል» ሲያግባባ ነበር፣ ሲለምን ነበር፤ «ኡጎቮሪል» ግን እሺ አሰኘ። አጠገባቸው አንድ የአማርኛ ቃል አታስቀምጥ፣ ታሪኩን ጻፍ እንጂ፦ «ለመነው፣ እሱም እምቢ አለ»፣ «ለመነው፣ እሱም አብሮት ሄደ»።

3. ትእዛዝ ላይ ጨዋነቱ ይገለበጣል። እንግዳ ሲቀበሉ «ሳዲቴስ» ይላሉ፣ ኔሶቬርሼኒው ነው። «ስያድቴ» ሐኪም ወይም ፖሊስ ቁጭ በል የሚልበት ነው። እኔ የሩሲያኛ መምህሬ እናት ቤት ተጋብዤ፣ አሮጊቷ ሲገቡ እንደ ወጋችን ብድግ ብዬ ወንበሬን ለቀቅኩና በጨዋ ደንብ «ስያድቴ!» አልኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እሳቸውም ደንግጠው ቁጭ አሉ። እየሳቁ ያረሙኝ መምህሬ ናቸው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የግስ ጥያቄ ያለበት የአበሻ ልጅ ሁሉ ወደ እኔ ይላክ ጀመር። ቀዩን ዲፕሎም፣ የማዕረግ ተመራቂ የሚሰጠውን፣ ስቀበል ግማሹ የማስጠናቱ ነው ብዬ ነበር።

4. «ፕሮቺታዩ» የአሁን ጊዜ ይመስላል፣ አይደለም፤ አንብቤ እጨርሳለሁ ነው። እኛ ለዛሬም ለነገም «አነብባለሁ» የምንለውን ለሁለት ይከፍሉታል። ይሄኛው በሳምንት ይለመዳል፣ አትጨነቅ።

የዴካናቷን ነገር ግን ልጨርስልህ። ሰኔ ላይ ሁለተኛው ሴሲያ አለቀ፣ ተመልሼ ሄድኩ። ያቺው ሴት፣ ያው ብርጭቆ። ገና በሩን ስከፍት መነጽሯን አደረገችና «ዝዳል ወይስ ዝዳቫል?» አለችኝ። አልረሳችኝም። አንድ ቃል ሳልናገር ዛቾትካዬን ገልጬ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት።