ደሴ አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ የሸራ ጀልባ ላውርድ ላልከው ወንድሜ

አብሽር። «ትንሽ የሸራ ጀልባ አግኝቻለሁ፣ ሐይቅ ላይ ላወርዳት ነው፣ ከምን ልጀምር?» ብለሃል። እኔም ከደሴ በአይሱዙ ጭኜ ነው የወረድኩት፤ ያንተም ነገር ከኔ አይርቅም። ዋና መቻልህንና ላይፍ ጃኬት መግዛትህን አልጠይቅህም፤ እነሱማ ግድ ናቸው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርስ። እኔ የተንገላታሁት እዚህ ላይ ነው። አንድ ቢሮ ገባሁ። ሰውዬው ቀና ብሎም አላየኝ። «ሞተሩ ስንት ፈረስ ጉልበት ነው?» አለኝ። ሞተር የላትም፣ በነፋስ ነው የምትሄደው አልኩት። «ሞተር ከሌላት ጀልባ አይደለችም፤ ፈቃድ አያስፈልጋትም።» እሺ፣ ላውርዳት? «ያለ ፈቃድማ እንዳታወርድ!» ወላሂ እንዲሁ ነው ያለኝ። ነገ ና፣ ከሰዓት ና፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው… ጀልባዋ ሰው ግቢ ውስጥ ዶሮ ሰፍሮባት ከረመች። በኋላ እዚያው ግቢ ሸራዋን ሰቅዬ ፎቶ አነሳኋትና ከማመልከቻው ጋር አያያዝኩት። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያለች ልጅ አይታው «ውይ፣ እንደዚህ ናት እንዴ!» አለችና በዚያው ቀን ፈርማ ማህተም መታችልኝ። በቃል ላስረዳ ብለህ አትድከም፣ ፎቶ ይዘህ ሂድ።

2. ነፋሱን እይ። ውሃው ዳር ቆመህ ፊትህን ከመታህ ጥሩ ነው፤ ቢያቅትህም ወደ ዳር ይመልስሃል። ከጀርባህ ከሆነ ግን ተወው፣ ሻይህን ጠጣ። መውጣቱ ምንም አይደል፣ መመለሱ ነው ጉዱ። ጀልባ ፊት ለፊት ነፋስ ላይ አትሄድም። 45 ዲግሪ ያህል ሰያፍ ይዘህ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እያልክ ነው የምትመለሰው። ሐይቃችን ደግሞ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ መሃሉ ላይ ቆሜ አስባለሁ አይባልም። መቅዘፊያ አይለይህ።

3. ውታፏን (የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዋን መድፈኛ) ዳር ላይ ሳለህ ግጠም። ጉልበትህ ድረስ ገብተህ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙርና ሸራውን ያኔ ስቀል። የሸራውን ገመድ በእጅህ ያዝ እንጂ እንዳታስረው! ስታጋድልብህ ልቀቀው፤ ሸራው ይርገበገባል፣ እሷም ትቃናለች። የሸራውን ታች የያዘው አግዳሚ እንጨት ሲዞር ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ። አሳ አስጋሪዎቹ መጀመሪያ «አንሶላ የሰቀለው ሰውዬ» ይሉኝ ነበር። ነፋስ ሲነሳ እነሱ እየቀዘፉ ሲያልባቸው እኔ ቁጭ ብዬ አለፍኳቸው። ዛሬ ልጆቻቸው ናቸው ተራ ይዘው አሳፍረን የሚሉኝ። (እህትህን ይዘህ ከሆነ ወደ እስጢፋኖስ አታምራ፤ የወንዶቹ ገዳም ሴት አያስገባም።)

ከተገለበጠች ጀልባዋን ለቀህ ወደ ዳር አትዋኝ። ከሆዷ የሚወጣው ሳንቃ ላይ ቆመህ ጠርዟን ሳብ፤ ቀስ ብላ ትነሳለች። እኔ ዳር አካባቢ ሆን ብዬ እየገለበጥኩ ነው የተለማመድኩት፤ አስጋሪዎቹ አበደ ብለው ሊያወጡኝ መጡ። የምታወርድበትን ቀን በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ መጥቼ አፍንጫዋን እይዝልሃለሁ።