ቢጫው ከክንዷ አልወጣም

እህቴ፣ የወንድምሽ ዓይን ቢጫ ከሆነ አምስተኛ ቀኑ ነው ብለሻል። ዘመዶች ደግሞ «የወፍ በሽታ ነው፤ ሐኪም ቤት መርፌ ከተወጋ አለቀለት» ብለው ከልክለውሻል። እኔ እናቴን መድኃኒተኛ ዘንድ ወስጄ ነበርና የሆነውን ልንገርሽ።

1. «እገሌ ድኗል» ሲሉሽ ሕመሙ ምን እንደነበር ጠይቂ። እኛን ጉድ የሠራን መዳኑ ነው። ታናሽ ወንድሜ ተማሪ ሳለ እንዲሁ ቢጫ ሆነ፤ ሰውዬው ቅጠል ወቅጠው ክንዱ ላይ አሰሩለት፣ በወሩ ዳነ። ቡናና ስኳር ይዘን ሄደን አመሰገንን። ሄፓታይተስ ኤ የሚባለው የጉበት በሽታ ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ ደግሞ ቅጠል ታሰረም አልታሰረም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ የሚለቅ ነው።

2. ሽንቱንና ሰገራውን እዪ። የእናቴ ሽንት እንደ ጠላ ጠቁሮ፣ ሰገራዋ እንደ ኖራ ነጥቶ ነበር፤ ሌሊቱን ስታክ ታድራለች። እኔ ግን ያው ቢጫ ነው ብዬ ወደዚያው ሰው ሮጥኩ። ቅጠሉ በማግስቱ ሲፈታ ክንዷ የእንቁላል አስኳል የሚያህል ውኃ ቋጥሯል። በመርፌ ወጋ አድርገው ቢጫ ውኃ ሲፈስ «በሽታው ይኸው ወጣ!» አሉን። እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ከወራት በኋላ ወጥ ስሠራ ዘይት ተፈናጥሮ እጄ ውኃ ቋጠረ። ሲፈነዳ ያው ቢጫ ነው፤ እኔ ደግሞ ጤነኛ ነኝ።

የቅጠሉን ስም ብጠይቃቸው «ከተነገረ አይሠራም» አሉኝ። ባህል የምጠላ እንዳይመስልሽ። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት በታች ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተው ዝም አላሉም፤ ላቦራቶሪ አስገብተው ፈተኑት፣ ለዓለምም ነገሩ። ምስጢር ነው አላሉም።

3. እንደኔ ሦስት ሳምንት አትጠብቂ። እናቴን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲያንቀጠቅጣት ነው ሐኪም ቤት ያደረስኳት። በአልትራሳውንድ ሲታይ የሐሞት ጠጠር የሐሞቱን ቱቦ ዘግቶታል፤ ሰገራዋ የነጣውም ለዚሁ ነበር፤ ቅጠል በክንድ በኩል የሚያወጣው ነገር አይደለም። ወጣቱ ሐኪም ቁስሏን አይቶ «ይህንን ማን አቃጠላት?» ብሎ በተማሪዎቹ ፊት አዋረደኝ። ቁጣው ይገባኝ ነበር፤ በተማሪዎች ፊት መሆኑን ግን እስካሁን አልረሳሁለትም። ሰዉ ያጠጣውን የሚደብቀው እንዲህ ያለውን ፈርቶ ነው። ጠጠሩ ወጥቶላት እናቴ ድናለች፤ የክንዷ ጠባሳ ግን አለ።

ነገ ጠዋት ውሰጂው፤ ትኩሳት ካለው ወይም ከቃዠ ዛሬውኑ። የጉበት ምርመራና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ይሠራለት እንደሆነ ጠይቂ። አንዳች የተወቀጠ ነገር አጠጥታችሁት ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው፤ ቢቆጣሽም ተቆጥቶ ይጨርስ።