«ሰፈሩ ያድጋል» ለሐጂ አልበቃቸውም

ጥያቄህን አየሁት። ደሴ ዳር ላይ ገና በሚሠራ ሰፈር ቡና ቤት ልትከፍት ነው፤ ብሩን የሚያወጡት አጎትህ ናቸው፤ ምን ብለህ እንደምታሳምናቸው ጨንቆሃል። አብሽር። እኔም ኮምቦልቻ ላይ ይሄንኑ አይቻለሁ፤ የመጀመሪያው ሙከራዬማ አልተሳካም።

የለመንኩት የእናቴን ወንድም ነበር። ሁላችንም «ሐጂ» ነው የምንላቸው። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ከተማው እያደገ ነው፣ ይሄም ሰፈር ያድጋል እያልኩ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩ። የሶፋ ፎቶ ሁሉ አሳየኋቸው። ሐጂ ስኒያቸውን አስቀመጡና «እስኪያድግ ማን ይጠጣልሃል?» አሉኝ። አለቀ።

ሁለተኛ ስሄድ ደብተር ይዤ ነው። ልከራየው ካሰብኩት ቤት ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ሳምንቱን ሙሉ ጠዋት ከ12 እስከ 3፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት አላፊውን በጭረት ቆጠርኩ። ግምቴ ተገለበጠ። የሚያልፈው ግንበኛ፣ አናጺና ባጃጅ ነጂ ነው። ባለቤቶቹ ገና አልገቡም፤ የሚሠሩላቸው ግን በየቀኑ እዚያው ናቸው። እነሱ ደግሞ የሚፈልጉት ጀበና ቡና፣ ዳቦ፣ ቶሎ። ሶፋውን ሰርዤ ደጅ ላይ የሚቀመጥ ዱካ ጻፍኩ። (ደሴ ብርድ ስለሆነ አንተ ደጅ ላይ ብቻ አትተማመን።) ሐጂ ደብተሩን ገለባበጡና «ረቡዕ ለምን አነሰ?» አሉ። ዝናብ ነበር አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ነው ስለ ብር ማውራት የጀመርነው።

ቡናውን በኪሎ አስላላቸው። ጥሬው ሲቆላ ከ15 እስከ 20 በመቶ ይቀንሳል። የማሽን ቡና በስኒ 7 ግራም ብትይዝ ከኪሎ ጥሬ ወደ 115 ስኒ ይወጣል። አንተ 100 ብለህ ጻፍ፤ የሚደፋም የሚያርርም አለ።

ወተት ላይ ተጠንቀቅ። ረቡዕና ዓርብ፣ በዓቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን፣ ማኪያቶ ፈላጊው ይቀንሳል። በረመዳን ቀኑ ጭር ይልና ከመግሪብ በኋላ ወንበር ይጠፋል። እኛ አገር ሁለቱም አሉ፤ ገቢህን በወር በወር ለያይተህ አሳያቸው።

መብራቱን ደግሞ ውል ሳትፈርም በኤሌክትሪሺያን አስለካ። እኔ አከራዬ «ይበቃል» ስላሉኝ አምኜ ያገለገለ የቡና ማሽን ገዛሁ። በሰካሁት ቁጥር ብሬከሩ ይወርዳል። ስድስት ወር ጨርቅ ለብሶ ጥግ ላይ ቆመ። ሲያበላን የነበረው ጀበናው ነው።

እስኪ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ እዚያ ሰፈር ጠዋት ጠዋት ረከቦት ዘርግተው ቡና የሚሸጡ እናት አሉ? ካሉ አትፎካከራቸው፤ አብረውህ ይሥሩ። የኔን ቡና እስከዛሬ የሚያፈሉት እዚያው መንገድ ዳር ያገኘኋቸው እትዬ ናቸው።