ዛንዚባርን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምታዩ፦ ጥያቄና መልስ

ለእረፍት ወደ ዛንዚባር ለመሄድ ያሰባችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ የማውቀውን ያህል መልሻለሁ። ከደሴቱ ጋር ሥራ ያመላልሰኛል፤ የሆቴል ደላላ ግን አይደለሁምና «የትኛው ሆቴል ይሻላል?» የሚሉትን ዘልያቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጥር ላይ ተጋብተን ለጫጉላ እንሄዳለን። ኑንግዊ ይሻላል ወይስ ፓጄ? በፎቶ ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው።

እንኳን ደስ ያላችሁ። በፎቶ አንድ የመሰሉት ሁለቱም ባሕሩ ሞልቶ ሳለ ስለሚነሡ ነው። ውቅያኖሱ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ በምትሆንበትና አዲስ በምትወጣበት ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም በፓጄ፣ በጃምቢያኒና በማቴምዌ፣ የባሕሩ ወለል ለጥ ያለ ሜዳ ስለሆነ ውኃው ሲጎድል በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ወደ ኮራሉ፣ ማለትም ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ወደ ሠሩት አለት ይሸሻል። ይህን ሳያውቅ ሆቴል የያዘ ሰው ከቁርስ በኋላ ፎጣውን አንጠልጥሎ ሲወጣ ባሕሩ የለም፤ ከእንግዳ መቀበያው ሠራተኛ ጋር ይጣላል። በሰሜን ባሉት በኑንግዊና በኬንድዋ ግን ባሕሩ ከዳር ብዙም ሳይርቅ ጥልቅ ስለሚሆን ቀኑን ሙሉ ለማለት በሚቻል ሁኔታ ይዋኝባቸዋል።

ስለዚህ ዋናው ጉዳያችሁ መዋኘት ከሆነ ሰሜን። እኔን ብትጠይቁኝ ግን ጃምቢያኒን እመርጣለሁ። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይወርዳሉ። አሸዋው ላይ በተተከሉ አጫጭር እንጨቶች መካከል ገመድ ተወጥሯል፤ በገመዱ ላይ የባሕር አረም በትንንሽ እፍኝ ታስሯል። ያደገውን ይፈታሉ፣ አዲስ ያስራሉ፤ እየደረቀ ወደ ውጭ አገር ይሸጣል። በዚያ መካከል የምትሄዱ ከሆነ የሰው እርሻ መሆኑን አስቡ፤ ገመዱን አትርገጡ፣ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ። የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የሳምንቱን ሰንጠረዥ ከሆቴሉ ጠይቁና ሽርሽራችሁን በዚያ ቀምሩ።

ጥያቄ፦ ለፋሲካ ብንሄድስ? ዋጋው ረክሷል።

የረከሰው በምክንያት ነው። ፋሲካችን በአብዛኛው የሚውለው ትልቁ ዝናብ በሚወርድበት ወቅት ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይዘንባል፣ ሚያዝያ ደግሞ ይብሳል። አንዳንድ ሆቴሎችም ይዘጋሉ። ገናና ጥምቀት ይሻላሉ፣ ሙቀቱ ግን አይጣል ነው። ከሁሉም የምወደው የእኛን ክረምት ነው፦ አዲስ አበባ በሐምሌና በነሐሴ ጭቃ ስትሆን ዛንዚባር ደረቅና ነፋሻማ ናት።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። መሄዴ ትርጉም አለው?

አለው እንጂ እህቴ! የደጋ ሰው ከሆንን ብዙዎቻችን አንችልም። ከአለቱ ወዲህ ያለው ውኃ ጸጥ ያለ ነው፤ ሙላቱ ሲጀምር ወገብ እስኪደርስ ገብቶ መነከር ይቻላል። ሁለት ነገር ብቻ፦ ባሕሩ ሸሽቶ ወደ አለቱ በእግርሽ ከሄድሽ ውኃው ከመመለሱ በፊት ተመለሺ፤ አመጣጡ ከኋላሽ ያሉትን ጎድጓዳ ቦታዎች ቀድሞ ይሞላልና። ጀልባ ላይም ሌላው ሳይለብስ ቢቀር እንኳ መንሳፈፊያ ጃኬት ጠይቀሽ ልበሺ። የላስቲክ ጫማም ያዢ፤ እንደ ጃርት እሾህ የለበሰ ጥቁር የባሕር እንስሳ አለ፣ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ሾፌሩ «ሰዓት ሦስት እመጣለሁ» አለኝ። በማን አቆጣጠር?

ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛው ከንጋት ጀምረው ይቆጥራሉ፤ በስዋሂሊ ከነገረህ የጠዋቱ ሦስት የእኛው ሦስት ነው። በእንግሊዝኛ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለእንግዳ ብሎ በፈረንጅ ይለውጠዋል። «ከምሳ በፊት ወይስ በኋላ?» ብለህ አረጋግጥ። የባሕሩ ሙላት ሰንጠረዥም በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ፦ የሙስሊም ሥጋ አልበላም፤ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ። ምን ልበላ ነው?

እናቴ፣ እንዲያውም ተመችቶዎታል። የደሴቱ ሕዝብ ከሞላ ጎደል ሙስሊም ስለሆነ የሥጋው ነገር እንደሚገምቱት ነው። ነገር ግን ወጡ በኮኮናት ወተት የሚሠራ በመሆኑ ባቄላው፣ ጎመኑና ሩዙ ያለ ቅቤ ይጣፍጣል። ቻፓቲ የሚባለውን ቂጣ ሲያዝዙ በዘይት ብቻ መሆኑን ይጠይቁ። በፍስክ ቀን ዓሣውና ኦክቶፐሱ አለ። ማታ በአሮጌው ከተማ በስቶን ታውን ውስጥ ፎሮዳኒ በሚባለው መናፈሻ ምግብ ይሸጣል፤ ድባቡ ደስ ይላል፣ ነገር ግን ዋጋውን ቀድመው ይስማሙ፤ ከተደረደረው የባሕር ምግብ ይልቅ ዓይንዎ እያየ የሚጠበሰውን ይምረጡ።

ጥያቄ፦ ምን ምን ወረቀት ልያዝ?

ከአገር ቤት የሚነሣ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን እንዳይረሳ። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ደግሞ የውጭ አገር እንግዳ ሁሉ የዛንዚባርን የጉዞ ዋስትና መግዛት ግዴታው ነው፤ ሲደነገግ ዋጋው 44 ዶላር ነበር። ሌላ ዋስትና አለኝ ማለት አያድንም። በአሜሪካ ፓስፖርት ለምትመጡ ወገኖች ቪዛው 100 ዶላር ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቪዛውን ጉዳይ ጨርሱ፤ አየር ማረፊያ ላይ እጨርሳለሁ ብላችሁ አትነሡ። የዶላር ኖቶቻችሁ አዳዲስ ይሁኑ፤ አሮጌ ኖት አይቀበሉም።

ጥያቄ፦ አለባበስስ?

ባሕሩ ዳር የዋና ልብስ ችግር የለውም። መንደርና ስቶን ታውን ስትገቡ ግን ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ያዙ፤ ለፀሐዩም ለአክብሮቱም ይሆናል። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የምትሉም የፀሐይ ቅባት ተቀቡ፤ ይቃጠላል።

ጥያቄ፦ ኪዚምካዚ ሄደን ከዶልፊኖች ጋር ብንዋኝስ?

እኔ አልመክርም። ብዙ ጀልባ አንድ መንጋ ከብቦ ሲያሳድድ ማየት ደስ አይልም፤ እንስሳቱም ዕረፍት ያጣሉ። ያንን ገንዘብ በምኔምባ ደሴት ዙሪያ ኮራሉን እያዩ ለመዋኘት፣ ወይም ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ላሉበት ለፕሪዝን ደሴት አውሉት።

ጥያቄ፦ የወባ መድኃኒት?

በሽታው በደሴቱ በጣም ቀንሷል፣ አልጠፋም። ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ማታ አጎበር ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ ለጓደኛዬ በርበሬና ሽሮ በፌስታል ጠቅልዬ ብወስድ?

በፌስታል አይሁን፤ ፌስታል እዚያ የተከለከለ ነው። በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳን ባለው ዕቃ አድርጊው።